የአባባ ሲባጎና እንቁላል የሚስለው ካልኩሌተር

ሰሞኑን ከሱቅ ስመለስ፣ አጥር የሚሠሩ ግንበኞች ሲባጎ ወጥረው አንዱ በጣቱ ነካ ሲያደርገው «ድንንን» የሚል ድምፅ ሰማሁና፣ የሽንኩርት ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ መሃል መንገድ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ከኋላዬ የመጣው የሚኒባስ ሹፌር ጥሩንባውን ሲነፋው ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል ያለ ሰው በሙሉ ሳይደነግጥ አልቀረም፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በላስቲክ ጫማዬ ጭቃ እየረገጥኩ፣ አባባ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አባባ ግንበኛ ነበር። ሲባጎውን ከችካል ችካል ወጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠግቶ፣ በጠቋሚ ጣቱ ይነዝረውና ድምፁ ካልጣመው ፈትቶ እንደገና ይወጥረው ነበር። እናቴ «ሰውዬ፣ ቤት ነው ክራር የምትሠራው?» እያለች ትስቅበት ነበር። በመካኒሳ አቦ ሰፈር ስሙ ዓለሙ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ሁሉም «ማዕዘን» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ እሱ በሠራው ቤት ጥግ ላይ ቁምሳጥን ቢጠጋ በመሃል ጉንዳን ማለፍ አትችልም ይባል ነበር። ይባል ነበር ስል፣ የምለው እኔው ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከባድ ስለነበር ከቤት የሚያስወጣ አልነበረም፤ የሰፈራችን ጭቃ የዋጠው የአንድ እግር ጫማ ቢሰበሰብ አንድ ሻለቃ ጦር ያጫማል። ታላቅ እህቴ ሰናይት ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበርና፣ የሒሳብ መምህሯ «ጥቅምት ሳያልቅ ትመልሺዋለሽ» ብለው ባለ ግራፍ ካልኩሌተራቸውን አዋሷት። እንደ ጡብ የወፈረ፣ ቁልፉ የበዛ፣ ስክሪኑ የዝናብ ደመና የመሰለ ዕቃ ነበር። አራት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ ደግሞ ሆዳም ነው፤ ባትሪዎቹ ሲደክሙ በጥርሳችን ነክሰን፣ ፀሐይ ስለሌለ በብብታችን አቅፈን እናሞቃቸው ነበር። እኔ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ እጄን ሳላነሳ ቁርሴን የበላሁበትን ቀን እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች።

ሰናይት ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብታኝ «ወደ ጎን አንድ ስትሄድ ወደ ላይ ሁለት የምትወጣ መስመር» ትልና ቁጥሩን ታስገባለች፤ መስመሯም ነጥብ በነጥብ፣ ዳገት እንደምትወጣ አሮጊት እያዘገመች ትመጣለች። እኔም ከጎኗ ሌላ እጨምርና ሁለቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሲሄዱ ስናይ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አንድ ቀን ክብ እንሳል አለችና ሳለች።

«ይሄ ክብ ነው እንቁላል?» አልኳት።

«ክብ ነው።»

«የማን ዶሮ የጣለችው ክብ?»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ስቀንም ረሳነው።

መስከረም ሲጠባ ጭቃው ደረቀ፣ አባባም ሥራ አገኘ። ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚቸረችሩት እትዬ አስካለ፣ ከስንት ዘመን ልፋት በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ሊያሠሩ ነበር። ቦታው መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ ስለሆነ ሱቁ ለመንገዱ ጎኑን ሰጥቶ፣ እንዳኮረፈ ሰው ዞር ብሎ መቆም ነበረበት። አባባም ሲባጎውን ወጥሮ፣ ነዝሮ፣ መሠረቱን ቆፍሮ ድንጋዩን ማሰር ጀመረ።

እኔ ደግሞ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሰናይት ትምህርት ቤት ሳለች፣ ካልኩሌተሩን ከፍራሽ ሥር አውጥቼ መሐንዲስ ሆንኩ። የመሠረቱ ጥግ ላይ ካለው ችካል ተነስቼ፣ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሁለት ስሄድ አንደኛውን ሲባጎ አገኘሁት፤ ወደ ግራ ሁለት ወደ ውስጥ አንድ ስሄድ ደግሞ ሌላውን። ሁለቱንም መስመሮች ሰናይት እንዳስተማረችኝ አስገብቼ ስጠብቅ፣ በስክሪኑ ላይ የወጣው የአባባ ማዕዘን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው እግር ከልክ በላይ ተከፍቶ ተንሰራፍቷል!

ልቤ ደንግጦ ነበር ብል ውሸት ነው። ወሬ ያገኘ ሰው ደስታ ነው የተሰማኝ። በርሬ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሱቅዎ ጠማማ ነው።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው ያለው።»

መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ አድርገው ስክሪኑን አዩ። ከዚያ እጄን ይዘው አባባ ድንጋይ ወደሚያስርበት መጡና «ኧረ አንተ ዓለሙ!» ሲሉ የአቦ ቤተ ክርስቲያን እርግቦች በሙሉ ከጣሪያው ተነሡ። «ዕድሜ ልኬን በበርበሬ ያስነጠስኩት ጠማማ ሱቅ ልገትር ነው? ቅዳሜ ከብስራተ ገብርኤል ሌላ ግንበኛ አመጣለሁ። ጠማማ ነው ካለኝ መሠረቱን ነቅሎ ያውጣው!»

አባባ ወደ ችካሉ ጎንበስ አለ። ሲባጎውን ፈትቶ በእጁ ጠቀለለ፣ ወደ ቤት ገባ። ራቱን ከጨረሰ በኋላ ወደ እኔ ዞረና «ሚጡ፣ ማሽኑ ነው ያለው ወይስ አንቺ?» አለኝ።

«ማሽኑ ነው አባባ።»

«እንግዲህ ማሽኑ ካለ…» ብሎ እጁን ታጠበ። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ «ማዕዘን ጠመመ አሉ!» እያለ ደንበኞቹን ሲያስቅ ሰማሁ፤ የግንባታው ወቅት ገና መጀመሩ ነበርና፣ መሠረቱ ቅዳሜ ከተነቀለ በዚያ ሰፈር አባባን ድንጋይ የሚያስይዘው ሰው እንደማይኖር ለኔም ገባኝ።

ዓርብ ከሰዓት ለሰናይት እያለቀስኩ ነገርኳት። ጆሮዬን ቆንጥጣ ከጨረሰች በኋላ «ስንት በስንት ለካሽ?» አለች፤ ነገርኳት፤ የሁለቱን መስመሮች ዳገት ደብተሯ ላይ አባዛች።

«ነጌቲቭ አንድ ነው የሚመጣው፤ የሁለት መስመር ዳገት ተባዝቶ ነጌቲቭ አንድ ከመጣ ቀጥ ብለው ነው የሚገናኙት። ሚጡ፣ ይሄ እኮ ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው!»

«ስክሪኑን አታዪም እንዴ?»

ሰናይት ስክሪኑን አየች፣ ደብተሩን አየችና «ያቺ እንቁላላችን ትዝ ትልሻለች?» አለችኝ። «ክቡን እንቁላል ያደረገ ዕቃ የአባባን ማዕዘን ለምን ይምረዋል?» ማስመሪያ አምጥተን ስክሪኑ ላይ ለካን፤ ወደ ጎን ያለው አሥር ቤት ወደ ላይ ካለው አሥር ቤት ይረዝም ነበር። ለካ ዕቃው ሁሉን ነገር ወደ ጎን ይለጥጥ ኖሯል። ሰናይት ቁልፎቹን ስትጎረጉር ወደ ጎንና ወደ ላይ ያለውን እኩል የሚያደርግ ትእዛዝ አገኘች፤ ስትጫነው እንቁላሉ ድቡልቡል ብሎ ሳንቲም ሆነ፣ የአባባም ማዕዘን አለቃውን ሲያይ እንደሚነሣ ዘብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ፣ የብስራተ ገብርኤሉ ግንበኛ፣ አባባና ሥራ የፈታ የመካኒሳ ሕዝብ በሙሉ መሠረቱ ዙሪያ ተሰበሰበ። እኔ ካልኩሌተሩን ከፍ አድርጌ ይዤ «ተመልከቱ!» ስል ስክሪኑ ደብዘዝ፣ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ። ባትሪዎቹን አውጥቼ በሕዝብ ፊት አንድ በአንድ ነከስኳቸው። ምንም የለም። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ ማሽኑ አይደለም» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ክብ ሲሰጡት እንቁላል ነው የሚስለው፣ ያን እያወቅኩ ነው የአባባን ማዕዘን ጠማማ ያልኩት።»

«የምን እንቁላል ነው ደሞ የምትይው?» አሉ እትዬ አስካለ።

አባባ ያን ጊዜ ሲባጎውን ከኪሱ አወጣ። በአንደኛው መስመር ላይ ሦስት ሜትር፣ በሌላው ላይ አራት ሜትር ለክቶ ምልክት አደረገና፣ ሲባጎው ላይ የቋጠራትን አምስት ሜትር አሳየን። «ማዕዘኑ ልክ ከሆነ አምስቱ ከምልክት ምልክት ይደርሳል፣ ጠማማ ከሆነ ይተርፋል ወይ ያንሳል» አለና የሲባጎውን ጫፍ ለኔ ሰጠኝ። «ያዢ፣ መሐንዲሷ። እንዳታነቃንቂው።»

ትንፋሼን ይዤ ሦስቱ ምልክት ላይ ጫንኩት። አባባ ወደ አራቱ ምልክት ሄደ፣ ወጠረው፣ ጎንበስ አለ። ቋጠሮዋ ምልክቱ ላይ፣ የጥፍር ታህል ሳትተርፍ ሳታንስ፣ ቁጭ አለች። የብስራተ ገብርኤሉ ግንበኛ ጎንበስ ብሎ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ «እትዬ፣ ይሄን መሠረት እነቅላለሁ የሚል እጁ ይሰበር» አላቸው።  አባባ ሲባጎውን በጣቱ ነካው። ድንንን!

ኅዳር ላይ ሱቁ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ካልኩሌተሩም ጥቅምት ሳያልቅ ከአዲስ ባትሪ ጋር ለመምህሩ ተመልሶ ነበር። እኔ ግን ቅጣቴ አላለቀም፤ ከዚያ በኋላ አባባ በጋውን ሙሉ በሠራው ቤት ሁሉ፣ ትምህርት በሌለ ቀን የአምስቱን ጫፍ የምይዘው እኔ ሆንኩ። ከዚያ የሚጣፍጥ ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።

እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ሱቃቸው ግን በመስታወት ፎቆች መሃል አሁንም እንዳኮረፈ ቆሟል፣ የልጅ ልጃቸው የስልክ ሽፋን ትሸጥበታለች። ልጄ በስልኳ ክብ ስትስል ክብ ይወጣላታል፣ በእንቁላል የሳቀችበት ቀን የለም፤ እኔም ስልኩ ልክ ነው ስላላት ልክ ነው ብላ ስታልፍ አያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጓሯችን አንዲት ክፍል ልናወጣ መሐንዲሱ ትንሽ መሣሪያ አቁሞ የማዕዘኑን ቀይ የብርሃን መስመር ሲያሰምር፣ ዓይኑ የደከመው አባባ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣና መስመሩን በጣቱ ነካው። ድምፅ አልነበረውም። ጣቱን አየና ወደ እኔ ዞሮ «ልክ ነው?» አለኝ።

«ልክ ነው አባባ።»

«ማሽኑ ነው ያለው ወይስ አንቺ?»

ወደ ቤት ገባሁና ያችን ሲባጎ ከመሳቢያ አውጥቼ መጣሁ፤ የአምስቱን ጫፍ ለልጄ ሰጥቼ «ያዢ፣ እንዳታነቃንቂው» አልኳት።