ጣለው ያላልኩት ሹፌር

ጎሚስታ ጎማ ሲለጥፍ የሚቀባው ማስቲሽ ሽታው አፍንጫን ሰንጥቆ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ትናንት በንፋስ መውጫ መናኸሪያ በኩል አብረን ስናልፍ ያ ሽታ መታኝና ቆምኩ። አንቺ የደከመኝ መስሎሽ ክንዴን ያዝሽኝ። ከጎሚስታው ደጃፍ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ያን ጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። አንቺ አፍረሽ በእኔ ፈንታ እጅ ነሣሽ። ቤት ስንደርስም «ምን አደረጉዎት? እንዲያ ያሉ ደግ ሰው» አልሽኝ።

ለከተማው እንግዳ ነሽና አልፈርድብሽም። ደግነቱን ከሁሉም አፍ ሰምተሻል። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው፤ ደም የተቃቡ ሲታረቁ ከሽማግሌዎቹ መሐል የሚቀመጠውም እሱ ነው። እኔ ግን ሹፌር ሳለ አውቀዋለሁ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ይህንንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምነግርሽ። ለሰው አትንገሪ አልልሽም። እንዲያውም ንገሪ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጤና ጣቢያው ተነሥቼ በመኪናው መንገድ ዳርና ዳር ያሉትን መንደሮች እየዞርኩ ሕፃናት እከትብ ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት፣ ብስክሌቱ አንድ ነበር። አለቃችን ብስክሌቱን ለእኔ የሰጠኝ ወዶ ሳይሆን፣ ወንዱ ባልደረባዬ ያን ሰሞን ታሞ ስለ ነበር ነው። ሲያስረክበኝም ጣቱን እየቀሰረ፣ መኪና ገጫት ወይም ገደል ገባች የሚል ወሬ የሰማ ቀን ብስክሌቱ ለወንዱ እንደሚሆን፣ እኔም ካርድ ክፍል እንደምገባ ነገረኝ። ካርድ ክፍሉን አይተሽው ቢሆን ይገባሽ ነበር። መስኮት የለውም። የአይጥ ሽንትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። እዚያ የገባች ሴት ጡረታዋ እስኪደርስ አትወጣም ነበር።

ብስክሌቱ ግን ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት በብርዱ የክትባቱን ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ስወርድ፣ ውስጡ ያለው በረዶ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ጤዛ የነካው የገብስ ማሳ ይሸተኛል። ጸሐይዋ ከፊቴ ትወጣና ጠጠሩን ሁሉ ብር ታስመስለዋለች። በሕይወቴ ማንም ሳያዘኝ የሄድኩት በዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ከሹፌሩ ጋር የተጣላነው በአንድ የዝናብ ቀን ነው። እህል የሚጭነው መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ተሳፋሪው ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ በጠርዙ በኩል ቀስ ብዬ አለፍኩት። ከላይ ሳቅ ፈነዳ። «ሴት ቀደመችህ እኮ» አለው አንዱ። ሌላው ደግሞ «ሽጠውና ብስክሌት ግዛበት» አለ። ማለፉ ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን ደወሌን ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ያን ያህል ጥፋት አለብኝ። ከዚያ በላይ የለብኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ የሱ ሆነ። ቁልቁለቱን ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላዬ ይመጣና ጆሮዬ ሥር ሲደርስ ጡሩምባውን ይነፋዋል። ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «እትዬ፣ ፈረስሽ ገብስ አልበላችም እንዴ?» ይለኛል። የታኘከ ሸንኮራ አገዳ ይወረውሩብኛል። ኩሬ ሲያገኝ ሆን ብሎ ይገባበትና ነጭ ጋዋኔን ጭቃ ያለብሰዋል። እናቶቹ ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ፊቴን መታጠብ ነበር።

ያላደረግኩት የለም። ጡሩምባውን ስሰማ ወርጄ ዳር መቆም ጀመርኩ፤ እሱም ወደ ዳር መንዳት ጀመረ። የመስታወት ስባሪ መሪው ላይ አስሬ ከሩቅ አየው ነበር፤ ማየቱ ልቤን ቀድሞ ከማስደንገጥ በቀር ምንም አልጠቀመኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ አክብሬ ባሳፍረው ብዬ «እንደምን አደሩ» አልኩት። ለረዳቱ ነገረውና ሁለቱም ሳቁ። ኪሴን ጠጠር ሞልቼ ወጣሁ፤ አንዱ ሸራውን ሲመታ ጊዜ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ እስከ እርሻ ድረስ አባረረኝ። ለፖሊስ ብናገር፣ አንቺስ ከመንገዱ ምን አለሽ ተባልኩ። ለአለቃዬ መንገር ደግሞ ብስክሌቱን በገዛ እጄ ማስረከብ ነበር።

በነሐሴ ውስጥ ጣለኝ። ከድልድዩ በላይ ካለው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ እኔ ሲጠጋ ትዝ ይለኛል፤ የፍሬኑን ሽታ፣ የናፍጣውን ሙቀት። ቀጥሎ ቦይ ውስጥ ነበርኩ። ሳጥኑን ደረቴ ላይ አቅፌው ስለ ወደቅኩ አልተከፈተም፤ የግራ እጄ አንጓ ግን ዞሮ ነበር። መኪናው አልቆመም። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ አየኝና ተመለሰ።

ያገኘችኝ የመንታዎች እናት ናት። ልጆቿን ልታስከትብ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ስትጠብቀኝ ቆይታ፣ ብዘገይባት ፍለጋ ወጥታ ነበር። ወጌሻ ቤት ወስዳ አሳሸችኝ። አንጓዬ ሲመለስ ነጠላዋን አፌ ውስጥ ጨምራ እንዳልጮህ አስነከሰችኝ። ሹፌሩ መሆኑን ነገርኳት፤ ለአለቃዬ ግን ወንዝ ስትሻገር አዳልጧት ነው እንድትል አስማልኳት። አሁን ድረስ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ከጎሚስታው ፊት ስቆምም ይጠዘጥዘኝ ነበር። አንቺ ድካም አልሽው።

በጥቅምት ነው እሷው የመጣችው። እኔ መተው አልፈለግኩም፣ እሷም መተው አልፈለገችም። በነጠላ ላይ የሚነዳ ሹፌር አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሰዎች ሊጋደሉ ሲሉ ሴቶች ነጠላቸውን መሐል አንጥፈው እንደሚለምኑ ታውቂያለሽ። የእናት ነጠላ ረግጦ የሚያልፍ የለም። ነጠላ የሚነጠፈው ለማስታረቅ ነው። እኛ ለማድፈጥ አነጠፍነው። ያን ጊዜ ይህ ስሕተት መሆኑ ለአንዳችንም አልታየንም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያተኛ ጭኖ ሲመጣ፣ ዳገቱ ሥር ጠበቅነው። ልጆቻቸውን የከተብኩላቸው እናቶች ነጠላቸውን ከቦይ እስከ ቦይ ዘረጉት። ነጩ ጨርቅ በነፋሱ እንዳይነሣ ጠርዙን በጠጠር ያዙት። እኔ ከኋላቸው ብስክሌቴን ይዤ ቆምኩ። መኪናው ቆመ። ጡሩምባውን ነፋ፣ ደጋግሞ ነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ረዳቱ ወርዶ መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ፤ ሴቶቹን ሲያይ ተወው።

ከተሳፋሪው ሽማግሌዎቹ ወርደው ነገሩን ጠየቁ። የመንታዎቹ እናት ተናገረች። ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ፣ ራሷ ናት የወደቀችው፣ ሴት ምን ያስጋልባታል አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን አሳየኋቸው። ያን ጊዜ የገዛ ተሳፋሪዎቹ ዞሩበት። ገበያው ሊያመልጣቸው ነው፤ ደግሞም በመንገድ ሲያሳድደኝ አይተውታል። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፣ የተበደለውም ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጣለው ይላል። ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ፈረዱ። ሹፌሩ ወረደና ከቦዩ ዳር ትንሽ ድንጋይ አነሣ።

«ይቺ የዶሮ ድንጋይ ናት» አለችው የመንታዎቹ እናት። «የሰው አንሣ።»

ትልቁን አነሣ። አንገቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «ይቅር በይኝ» አለ። ሁሉም አፌን ያዩ ነበር። ጣለው የምትለዋ ቃል አጭር ናት። አላልኳትም። ብስክሌቴ ላይ ወጣሁና ዳገቱን በእጄ አሳየሁት።

«ቅደም» አልኩት።

ሄደ። ምን ያድርግ? እኔ ከኋላው ቀስ እያልኩ፣ ጆሮው ሥር ስደርስ ደወሌን እደውላለሁ። ዳር ሲይዝ ወደ ዳር እጠጋዋለሁ። አንዱ ገበያተኛ፣ «ገብስ አልበላም እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሳቁ እስከ ዳገቱ እኩሌታ ቆየ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሹፌሩ ትንፋሽና የኔ ሰንሰለት ብቻ ነበር። ላቡ በሸሚዙ ጀርባ ላይ ሲሰፋ አይ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ከጎኔ እየተራመዱ «በቃው፣ ልጄ፤ በይ ልቀቂው» አሉኝ። ደወሌን ደግሜ ደወልኩ። ይህን ስነግርሽ የምጸጸት እንዳይመስልሽ። ያን ላብ አሁንም ባየው አልጠላም።

ያላወቅኩት፣ ከጭነቱ ላይ ከነበሩት ሰዎች አንዱ አባቴ እንደ ነበሩ ነው። በዚሁ በአገራችን ባለው በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። የባቄላ እሸት ይዘውልኝ እኔን ሊጠይቁ መምጣታቸው ነበር። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከመኪናው የወረዱት ከሁሉ ኋላ ነው። በትራቸውን እየተመረኮዙ ሲደርሱ ሰዉ «የኔታ ናቸው» እያለ መንገድ ለቀቀላቸው። በእኔ በኩል ሲያልፉ ዞር ብለው አላዩኝም። ሹፌሩ ዘንድ ደረሱና «አምጣው» አሉት።

እምቢ አለ። ሽማግሌዎቹም እንዲተዉት ለመኗቸው። በትራቸውን ለአንዱ ሰጥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉትና በቀኝ ትከሻቸው አደረጉት። ጥምጥማቸው ተንጋደደ። ወደ እኔ ዞረው ጎንበስ አሉ።

«ይማሩን፣ እመቤቴ» አሉኝ። «ስለ ድንግል ብለው ይማሩን።»

አባቴ አንቱ ያሉኝ በሕይወታቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ወዲያው ይጣሉት አላልኩም። ዓይኔ እሳቸው ላይ አልነበረም። ሹፌሩ ቀና ብሎ አንገቱን እያሸ ነበር፤ ቀሎት፣ ነጻ ወጥቶ። እሱ ከእጄ በማምለጡ ተናድጄ እሱን አይ ነበር። አባቴ ድንጋይ ተሸክመው ፊቴ ጎንብሰው እያለ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። አውቀዋለሁ፤ በብርዱ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። በሦስተኛው «ይጣሉት» አልኩ። ድንጋዩ ወርዶ ቦይ ውስጥ ገባ።

እንደ ፈለግኩት ሆነልኝ። ወሬው አለቃዬ ጋ ሲደርስ ብስክሌቱን ሊወስድ ተነሥቶ ነበር፤ እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን አዝለው ግቢውን ሞሉትና ተወው። ዓመታት ጋለብኩ። ካርድ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ሹፌሩም ከሩቅ ሲያየኝ መኪናውን ዳር አቁሞ እስካልፍ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ ድንጋይ ለተሸከመው ሁሉ ተበዳዩን ጣለው የሚያሰኘው እሱ ነው አሉ። ባርኔጣውን የሚያነሣልኝ ያኔ ይቅር ያልኩት መስሎት ነው። እኔ ይጣሉት ያልኩት ለአባቴ ነው። ለሱ አላልኩም። ብትፈልጊ ይህንኑ ንገሪው።

አባቴ ያን ዕለት እሸቱን ሰጡኝ፣ መረቁኝ፣ ወደ ቤተ ልሔም በእግራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ንፋስ መውጫ አልመጡም፤ እኔ ነበርኩ እየሄድኩ የምጠይቃቸው። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ስመጣ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከጎናቸው ያስቀምጡኛል፣ የመንደሮቹን ስም እየጠሩ የሕፃናቱን ጤና ይጠይቁኛል። ድሮ በቀኝ ትከሻቸው ያንጠለጥሉት የነበረውን የመጽሐፍ ማኅደር ግን ወደ ግራ አዙረውት ነበር። በየጊዜው ይቅር ይበሉኝ ልላቸው እነሣለሁ፤ የሚቀጥለው ጊዜ ይሻላል እላለሁ።

የሞቱ ዕለት ደረስኩ፤ በሕይወት ግን አላገኘኋቸውም። የገነዟቸው ካህናት ከቤት ሲወጡ አንደኛውን ቄስ በሩ ላይ ያዝኳቸውና፣ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ምልክት አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የቅድስና ምልክት የምፈልግ መስሏቸው አዘኑልኝ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉና፣

«የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ገላቸው ንጹሕ ነው። ምንም የለም።»