ከጫካው የወሰድከውን መልስ የተባልኩ ቀን

ከጫካው ስወጣ አምስት ሰዎች ዳር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው ጦር ይዟል።

ምሳችሁን ሳትቀምሱ በስልካችሁ አሥር ጊዜ የምታነሱ ልጆች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው። ያኔ አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው። ካለቀ አለቀ።

ጊዜው ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዞናችን ገና ሰሜን ኦሞ ይባል ነበር። እኔ ከተማው ውስጥ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሰው ሁሉ «እሱ ከጉርድ ፎቶ ሌላ ምን ያውቃል» ይለኛል። እና አንድ መሥሪያ ቤት ለአውደ ርዕይ የደጋውን ሰውና ቅርስ አንሳልን ሲለኝ፣ ደስታዬን ከሚስቴም ደበቅኩ፤ እንዳትስቅብኝ።

አራት ቀን ዞርኩ። የዶርዜ ሸማኔ ከነቤቱ አነሳሁ። ገረሴ አካባቢ ደግሞ አንዲት በጣም ያረጁ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ሁለት ቀን ለምኜ ነው እሺ ያሉኝ። ሁሉም በአንድ ፊልም ላይ ነው።

የሚመራኝ መምህር ዳና የአገሩ ልጅ ነው። አገሬው እንደ ቅዱስ የሚጠብቀው ጫካ ጋ ስንደርስ አስጠነቀቀኝ።

«ከዚህ ሆነህ አንሳ። ወደ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ደረቅ ጭራሮ እንኳ አይወጣም።»

«እኔ ጭራሮ ምን ይሠራልኛል» አልኩት።

እሱ ዘመድ ሊጠይቅ ዞር እንዳለ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ከሚያዞረው ጥርስ ወጣና አልዞርም አለ። ካሜራ በብርሃን ከተከፈተ የአራት ቀን ሥራ አፈር በላ ማለት ነው። ጨለማ ያስፈልጋል... ጨለማው ደግሞ እዚያው፣ አሥር እርምጃ ላይ አለ። ገባሁ። ኮቴን ተከናንቤ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ በዳበሳ አስተካከልኩት። እንግዲህ ከገባሁ አይቀር ብዬም ትልቁን ዝግባ ሁለት ጊዜ አነሳሁት።

ከዚያ ነው አምስቱ ሰዎች የጠበቁኝ።

ዳና እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከሰዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ወጡና እርጥብ ሳር ነጭተው በእኔና በቀሩት አራት ጎረምሶች መካከል አስቀመጡ።

«ከሳሩ ወዲያ እንዳታልፍ» አለኝ ዳና በሹክሹክታ። «እሱ እስካለ ማንም አይነካህም።»

«ሲደርቅስ?»

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ሽማግሌው ኪሴን አስፈተሹኝ። መሐረብ፣ ቁልፍ፣ አንድ ያልተነካ ፊልም... ሁሉንም መሬት ላይ ዘረገፍኩ። ከዚያ በበትራቸው ካሜራውን ጠቆሙ። ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ከጫካው ምን ወሰድክ ነው የሚሉት።»

«ምንም አልወሰድኩም በላቸው። የዛፉን መልክ ብቻ ነው።»

ዳና ተረጎመ። ወዲያው የነገርኩትን ባልነገረልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ባለጦሩ ጎረምሳ ወደ ሳሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መልኩ ከወጣ ወጥቷል አሉ» አለኝ ዳና። «የወሰደው እጅ ይመልሰው። ማንም አብሮህ አይገባም።»

ተንበርክኬ ፊልሙን ጠቅልዬ ከካሜራው አወጣሁ። ክፋቴ ግን ያኔም አልተወኝም። ዕቃዬን የምሰበስብ መስዬ የተነሳውን ፊልም ካልሲዬ ውስጥ ወሸቅሁና ያልተነካውን ይዤ ቆምኩ። ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ ማን ይለያቸዋል?

ሽማግሌው ሳሩን ተሻግረው መጡና እጄን ጨበጡኝ። አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ለቀቁኝ።

ገባሁ።

ጉም ወርዷል። የገዛ ጫማዬ አይታየኝም። ከኋላዬ የሰው ድምፅ ነበር... ጥቂት እንደሄድኩ እሱም ጠፋ። ዝግባው ሥር ስደርስ ባዶውን ፊልም አስቀመጥኩና ዞርኩ።

ያኔ ከላዬ አንድ ነገር አገሳ።

እንደ ውሻ አይደለም፣ እንደ ጅብም አይደለም። ከሆድ የሚወጣ፣ የሚንከባለል ድምፅ ነው። ዝም አለ። ከወዲያ ማዶ ሌላው መለሰለት። ቀጥሎ ከግራዬ። ከበቡኝ። ልሮጥ ስል ቅርንጫፍ ተሰብሮ ትከሻዬን ታክኮ ወደቀ።

ካልሲዬን እንዴት እንዳወለቅኩ አላውቅም። ሸማኔውን፣ አሮጊቷን፣ አራቱን ቀን በሙሉ ከነካልሲው ዝግባው ሥር አስቀመጥኩ። ጥርሴን የምጎረጉርበትን ስንጥር ሳይቀር ከአፌ አውጥቼ ተውኩ። አንዱን ጫማዬን ያለ ካልሲ አጥልቄ ወጣሁ።

ሽማግሌው እንደገና እጄን ጨበጡ። ላቤ ይንጠባጠባል። አንድ ነገር ተናገሩና ጎንበስ ብለው ሳሩን አነሱ። ጎረምሶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ባለጦሩ እንዲያውም ሰላምታ ሰጠኝ።

ከዳና ጋር ቁልቁለቱን ግማሽ ወረድን።

«ምን ነበር ያሉት?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሲገባ እጁ ደረቅ ነበር፤ አሁን ርሷል፤ ገና አሁን መለሰ አሉ።» ቆም ብሎ አየኝ። «ቆይ... አንተ፣ ካልሲህ የት ሄደ?»

እርምጃዬን አፈጠንኩ። ለአውደ ርዕዩ የጫሞ ሐይቅን አዞዎች አንስቼ ሰጠሁ፤ ከተማው «ጉርድ ፎቶ ነው የሚችለው» ማለቱን ቀጠለ።

ይህን ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባባ፣ ጉሬዛ ነው እኮ! ጉሬዛ እንደዚያ ነው የሚጮኸው።»

ልክ ናቸው፣ ጉሬዛ ነው... ግን ጉሬዛው ካልሲዬ ውስጥ ሌላ ፊልም እንዳለ ማን ነገረው?