ሐጂ ዳጉ የከለከሉኝ ቀን

ፖሊሶች ሎጊያ ካለው የሕትመት ሱቄ ሲወስዱኝ ቀለሙ ከእጄ አልለቀቀም ነበር። አንድ ሾፌር የድሮ ሱልጣን ምስል ያለበት ቲሸርት አሠርቶኝ ለወጣቶች አድሏል። ጥምጣሙንም ወገቡ ላይ ያለውን ጊሌ የሚባል የአፋር ጩቤም የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ጅቡቲ ወርዷል። ስሙን ከነገርኳቸው ሲመለስ ድንበሩ ገላፊ ላይ ይይዙታል። የምስሉ ጥፋት ምን እንደሆነ ብጠይቅ «አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ሰመራ ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሐጂ የሚሏቸው የአፋር ሽማግሌና በሩ ሥር የተቀመጠ ጎልማሳ።

ሎጊያ የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። አፋር ሰው ሲያገኝ ከሰላምታ በኋላ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይጠይቃል፣ የራሱንም ሳይደብቅ ይናገራል። መከልከል ነውር ነው። ስለዚህ ሐጂ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ምንም አልጠየቁኝም። ከእስሩ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

የጠየቀኝ ጎልማሳው ነው። «ወንድሜ፣ ዳጉ የለህም እንዴ? ማነው ያሠራህ? ተናገረው፣ ይቀልልሃል።»

ልነግረው ነበር። ሰው አጥቼ ነበርና ድምፁ ጣፈጠኝ።

ሐጂ የውሃውን ጀሪካን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ጠጣ ልጄ።»

«እሺ ሐጂ። ዳጉውን ግን...»

«እዚህ ቤት ዳጉ የለም» አሉ። የአባቶቻቸውን ወግ በገዛ አፋቸው ሲያፈርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ ወደ ጎልማሳው ዞሩ። «አንተ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጣህም። በዚህ ሙቀት እንዴት ነው የማይጠማህ?»

ጎልማሳው ፈገግ አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ተነስቶ በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ማነህ ሳይሉት ከፈቱለት።

ብዙም ሳይቆዩ ሐጂን ጠሯቸው። ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉና ለጠባቂው «አሰላሙ አለይኩም» ብለውት ወጡ። ወደዚያ ክፍል አልተመለሱም።

የእኔ ተራ ሲደርስ «ሐሳቡም ንድፉም የእኔ ነው» አልኩ። ደጋግመው ጠየቁኝ፣ ቃሌን አልቀየርኩም።

ዛሬ ሱቄ ተመልሻለሁ። ሾፌሩ በደጄ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል። ይህን ስጽፍም ስሙን አላነሳሁም። ሐጂ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ሐጂ ይሆኑ እንደሆነ ብዬ ፊቱን አያለሁ። አንድ ቀን ባገኛቸው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም፣ የሾፌሩን ስም ጭምር፣ እነግራቸዋለሁ።