የተቀያየሩት ሁለት ዘፈኖች

አጠገቤ የተቀመጠው ፕሮግራመር ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ የሚያየው ሰው የለም ማለት ነው።

እኛን ፕሮግራመሮቹን የሰበሰበን የአንድ ኩባንያ ደብዳቤ ነው። ሲዲ ስናጫውት የዘፈኖቹን ስም ከኢንተርኔት የሚያመጣልን የኩባንያው መዝገብ አለ። ከእንግዲህ በመዝገቡ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ከመዝገቡ ጋር በሚያገናኘው የመጠየቂያ ደንብ፣ የሚጠቀም ፕሮግራም የሠራ ሁሉ የፈቃድ ውል ይፈርም ተባለ።

ሌላው ሲጮህ አጠገቤ ያለው መነጽሩን ይወለውላል። ተራው ሲደርስ ለኩባንያው ጠበቃ ረጋ ብሎ፣ «ዝርዝሩን በነፃ የጻፍነው እኛው ነን። አሁን የገዛ ቤታችን ለመግባት አስፈቅዱ ትሉናላችሁ?» አላት።

«የጻፉት እርስዎ መሆንዎን በምን እናውቃለን?»

«እህቴ የዘፈነችውን ሲዲ ፈልጉ» ብሎ ስሟን ነገራት። «አራተኛውንና አምስተኛውን ዘፈን ተሳስቼ አቀያይሬ ነው ያስገባሁት። እናንተም ጋ እንደተቀያየረ ነው።»

ጠበቃዋ ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፤ እንዳለውም ተቀያይሮ አገኘችው።

እሱ ውሉን ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተነሣ። ደረጃው ላይ ደረስኩበትና፣ «ስህተቱን ካወቅከው ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አላረምከውም?» አልኩት።

«እህቴ እስክትሞት ድረስ ስትስቅብኝ የኖረችው በእሱ ነው» አለኝ። «እንዴት ብዬ ላርመው?»