ለአስቴር የሠራኋት ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ፣ «ጋሼ፣ ከላቲን ፊደሎቹ አናት ላይ ያሉትን ምልክቶች እንዴት ነው የማነሳቸው? ፍለጋው እምቢ አለኝ» አለችኝ። ፊደሉንና ምልክቱን ለያይቶ ምልክቱን መጣል ነው፤ ሁለት መስመር ኮድ ይበቃዋል። አሳየኋት። እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አስቴርን ሳስብ ዋልኩ።

አስቴር የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ አባቷ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳለን እሷ ቋንቋ፣ እኔ ኮምፒውተር እናጠና ነበር። ለመመረቂያዋ ሽማግሌዎች በጋሞኛ የነገሯትን ተረት በላቲን ፊደል ስትጽፍ፣ የድምፁን መውጣትና መውረድ በፊደሎቹ አናት ላይ በጭረት ታመለክት ነበር። ጉዱ የመጣው ቃል ስትፈልግ ነው፤ ያለ ጭረት ከጻፈችው ማሽኑ «የለም» ይላታል። «ወንድም ዳዊት፣ እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችኝ። ፕሮቴስታንት ቤት ስላደገች ሁሉንም ወንድም ነው የምትለው። እኔ ሆዬ፣ «ወንድም» ባለችኝ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር!

ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ቆም ሲል ሲቀላ ሰፈር ያለች አንዲት ኮምፒውተር ቤት እንገናኛለን። እሷ ማንጎ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ የጫሞ ዓሣ ጥብስ እጋብዛታለሁ፤ ባለቤቱ «በዚህ እጃችሁ ኪቦርዴን እንዳትነኩ!» እያሉ ይቆጡናል። «የሽማግሌዎቹ ድምፅ እንዳይጠፋብኝ፣ አደራ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ጽሑፏን እንዳለ አስቀምጬ፣ ምልክት የሌለው ቅጂ ለፍለጋ ብቻ አዘጋጀሁላት።

እወዳት ነበር። አፍ አውጥቼ መናገር ግን አቃተኝ። ሥራዋን ቶሎ ብጨርስላት ፍቅሬ በዚያው የሚገባት መሰለኝና ምሳዬን እየዘለልኩ ጨረስኩላት። አንድ ቃል ያለ ጭረት ስትጽፍ ተረቱ ከነጭረቱ ብቅ አለ። «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ! ምንም የቀረ የለም» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ምነው እንዲህ ቸኮልክ?» አለችኝና ቦርሳዋን አንስታ ባጃጅ ጠራች።

የኔ ነገር! ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ባጃጁ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ የምንገናኝበት ምክንያት አልነበረንም። ከምርቃት በኋላ ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እዚያው አገባች።

እኔም ትዳርም ልጆችም አሉኝ፣ አላማርርም። ግን አንዳንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ኮምፒውተሩን ስዘጋ በጣም ትናፍቀኛለች። ያን ቀን «ገና ነው፣ ነገም ነይ» ብያት ቢሆን ኖሮ ትመጣ ነበር።