በአያ ደምሌ አውድማ ላይ ሦስት ዙር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዓርብ ቀን ወተት መጠጣቴን ሳይቀር ለንስሐ አባቴ የዘረገፍኩ ሰው፣ ይህችን አንዷን ብቻ ከምላሴ ሥር ሸሽጌ ከአርባ ዓመት በላይ ኖርኩ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ ቀኖናውን በኋላ ትሰጡኛላችሁ።

ከሞኝነቴ ልጀምር፣ እሱ ይቀለኛል። በዚያ ቀን አውሮፕላኔን ከታሰረችበት ሳልፈታ ልነሳ ሞከርኩ። አዎን፣ አብራሪ ነበርኩ፤ ፈቃድ ያለኝ፣ ጥቁር መነጽር የማደርግ፣ በየደረስኩበት ፀጉሬን የማበጥር አብራሪ። ትንሿ አውሮፕላን ነፋስ እንዳይገለብጣት ጅራቷ ከካስማ ጋር በገመድ ታስሮ አድሯል። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ አቧራው ሰማይ ምድሩን ሸፈነው፤ እኛ ግን ካለንበት ንቅንቅ አላልንም። ግንባሬን ቋጥሬ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ስመረምር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችና፣

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አይፈታም እንዴ?» አለችኝ።

ዝናሽ ትባላለች። የላሊበላው የአፈር ማረፊያ ዘበኛ የአያ ሙላው ልጅ ናት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወሩ ታኅሣሥ። ይዣቸው የመጣሁት ሁለት የመንግሥት ባለሙያዎች «ለጥናት» ብለው በበቅሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ወጥተዋል፤ ሳይመሽ አይመለሱም። አያ ሙላው «አንድ ጊዜ ጠብቁልኝ» ብሎኝ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል። ዘበኛውን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ዝናሽ የአባቷን ምሳ ይዛ መጥታ አጣችው። ምሳውን እኔ በላሁላት። ከዚያ ለምሳው ውለታ፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ለጉራ፣ «ነይ፣ አገርሽን ከላይ ላሳይሽ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። እሷ አልለመነችኝም።

እንዲያ ያለ ቀን በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ አላየሁም። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፣ የሚያዝዘኝ አለቃ የለ። አሸተን ማርያምን ከጎኗ አልፈናት ስንሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ቄስ ቆመው መስቀላቸውን አነሱብን። ይባርኩን ይሁን ሂዱልኝ ይበሉን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዝናሽ ግን በመስኮቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተሳለመች። ከዚያ ቤቶቹ እንደ ቁና ተደፍተው፣ ክምሩ በየማሳው ቁጭ ብሎ፣ መንገዱ እንደ ክር ተጥሎ ስታይ ዝም አለች። ዝምታዋ አላስቻለኝም፤ አድናቆት ለምጃለሁ።

«ወዴት ልውሰድሽ?» አልኳት እንደ ንጉሥ።

«አጎቴ ዛሬ ገብስ ያነፍሳል። በገነተ ማርያም በኩል ነው።»

አጎቷ አያ ደምሌ የእናቷ ወንድም ነው። አውድማውን ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔማ ሁሉም አንድ መሰለኝ። ዝቅ አልኩ። አያ ደምሌ ገብሱን በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ነፋስ ሲለምን ነበር አሉ፤ ነፋስ አመጣሁለት። ከጠዋት ጀምሮ የለየውን እብቅ መልሼ ከምርቱ ጋር ቀላቀልኩት። በሬዎቹ እርሻ ለእርሻ ፈረጠጡ። ለአውድማ ጫማ ይወልቃል፣ በአውድማ ላይ ጮክ ተብሎ አይወራም፤ እኔ ከነሞተሬ ገባሁበት። አንድ ዙር ይበቃ አልነበረም? አይበቃም፤ ልጅቷ ስቃለች። ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ዝናሽ እጇን በመስኮቱ አውጥታ በጣቷ እየጠቆመች፣ «ያ አጎቴ፣ ያቺ አክስቴ ትርንጎ፣ ያ ትንሹ፣ ያ ቦራው በሬ» እያለች ቤተሰቡን ታስተዋውቀኝ ጀመር።

ተመልሰን እንዳረፍን ሁለት ነገር አሰርኩ፤ አውሮፕላኗን በገመድ፣ ዝናሽን በመሐላ። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ማርያምን በይ» አልኳት። «ማርያምን» አለች። የመንግሥትን ነዳጅ ለሽርሽር አቃጠለ ከተባልኩ ፈቃዴ መነጠቁ ብቻ ሳይሆን እኔም እስር ቤት እገባለሁ። በመዝገቡ ላይ «የሞተር ሙከራ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ሞተሩ በእርግጥ ተሞክሯል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አያ ሙላው ከለቅሶው ተመልሶ ተቀምጠን ስንጫወት፣ አንድ ሰው ከነአቧራው ቁልቁል ሲመጣ አየን። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው የታሰረ ቅል ይዟል። ገና ከሩቁ ጎንበስ ቀና ይላል።

«ደምሌ ነው እንዴ? ምን ሆንክ አንተ?» አለ አያ ሙላው።

አያ ደምሌ አማቹን አላየውም። ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ቅሉን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ነጭ ማር ነው።

«ጓድ ጌታዬ» አለኝ፤ የቱ እንደሚሻል ስላላወቀ ሁለቱንም አንድ ላይ። «ድካማችሁን አይቼ ነው። ለመንገድዎ።»

«ምን አደከመን?» አልኩ።

«መቼም ቆጠራ ይደክማል። ሦስት ጊዜ ነው የዞራችሁ። ያቺ ጸሐፊዋ ግን ጨካኝ ናት፤ በጣቷ አንድ በአንድ ለቀመችን። ሚስቴን ሳይቀር፣ ቦራውን ሳይቀር።»

ጸሐፊዋ ከአባቷ ኋላ ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ልስቅ አልኩ። ሳቄን የተውኩት ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ልጅ፣

«ከመሬት በታች ያለውም ይታያል?» አለኝ።

ገባኝ። ያን ጊዜ መንግሥት ከየገበሬው በኮታ እህል ይወስዳል፤ የኮታው ሰው ሳያየው ትንሽ ገብስ ጉድጓድ ውስጥ የማይቀብር አባወራ አልነበረም። ለዘር ነው፤ ለክረምት ነው፤ ለልጅ ነው። ይህ ሰው የእኔን ጉራ የእህል ቆጠራ አድርጎት፣ ከመያዝ ቀድሞ መናገር ይሻል እንደሆነ ሊጠይቀኝ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዟል። «አይታይም፤ ማንም አልቆጠረህም፤ የዞርነው እኔና የእህትህ ልጅ ነን» ማለት ነበረብኝ። ስንት ቃል ነው? ትንፋሽ እንኳ አያስጨርስም። ግን አያ ሙላው አጠገቤ አለ። የባለሙያዎቹ በቅሎዎች በዳገቱ እየወረዱ ነው። መነጽሬን አስተካከልኩና እኔ፣ እኔው ራሴ፣ እንዲህ አልኩ፤

«ያየነውን አይተናል።»

ምን ማለት ነው? እኔም አላውቅም። ባለሥልጣን ሲናገረው ሰምቼ ይሆናል። አያ ደምሌ ራሱን ነቀነቀ፤ «እንግዲያ ተነግሯል» አለና ተሰናብቶ ሄደ። ቅሉ እጄ ላይ ቀረ። ዝናሽ አባቷ ፈንጠር እስኪል ጠብቃ ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አየን?»

«ነገ እነግረዋለሁ» አልኳት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በረን ሄድን። ማሩን አዲስ አበባ ስደርስ በዳቦ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ሳልደብቅ ልናገር ብዬ የለ?

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ ስመጣ አያ ሙላው ወሬውን እንደ ቀልድ አጫወተኝ። «አማቼ ሳያብድ አልቀረም። ማንም ሳይጠይቀው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄዶ፣ ጉድጓዴ ውስጥ አምስት ጆንያ አለ ብሎ አስመዘገበ። ሊቀመንበሩ ራሱ ደነገጠ አሉ። አንዴ ከተመዘገበ ምን ያድርግ፣ ጫኑት። አውሮፕላን ቆጠረኝ ይላል።» ከዚያ ሳቁን ተወና፣ ክረምቱን የደምሌን ሦስት ልጆች እሱ ቤት እንደሚያከርም ነገረኝ። ዝናሽ ጓሮ ቆማ ታየኛለች። አሁንም መናገር እችል ነበር። ሁለተኛ ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ድንጋጤ ነው ብላችሁ ትተዉልኝ ይሆናል፤ ለሁለተኛው ግን እኔም ስም አጥቼለታለሁ።

አምና ወልድያ መናኸሪያ አንዲት ሸበቶ ያላት ሴት ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ስሜን ጠራች። ዝናሽ ናት። ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች መምህርት። አጎቷ ከሞተ ቆይቷል። እስኪሞት ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያችን ጨካኝ ጸሐፊ ያነሳት ነበር አሉ፤ ስለ ጣቷ ርዝመት ሳይቀር።

«እኔ ነኝ አላልሽውም?» አልኳት።

«ማርያምን አስብለውኝ የለ» አለችኝ። ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ነገሩን አቀለለችው፦ «አክስቴ ትርንጎ አለች፣ አልሞተችም። ማሩንስ ይብላው፣ ቅሌን ግን ምን አደረገው ትላለች። የእናቷ ቅል ነው።»

ቅሉ አለ። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ስጽፍ ያየኛል። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ከአምና ወዲህ ሦስት ጊዜ ነጭ ማር ገዝቼ ሞላሁት፤ ሦስት ጊዜም ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ጉልበቴ ነው፣ መንገዱ ነው እያልኩ ነበር። አይደለም። ቅሉን ይዤ ደጃቸው ስቆም፣ እትዬ ትርንጎ «ለመሆኑ ያን ቀን ምን አያችሁ?» እንዳይሉኝ ነው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ በእናንተ አውድማ ላይ አልዞርኩም። ቅሉ የእሳቸው ነው።