ለባክቴሪያ ዋስ የሆንኩ ዕለት

ጥፋቱ የኔው ጉራ ነው። ቃሊቲ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ማይክሮስኮፑ በሚንቀጠቀጥበት አንድ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። አንድ ቀን፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ የብስኩት ፋብሪካ ሠራተኛ የጤና ምርመራቸውን ሊያሳድሱ መጡ። ከጉሮሯቸው በጥጥ ናሙና ወስጄ አሳደግኩት። የበቀለው በብዙ ጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚኖር፣ ማንንም የማይነካ ባክቴሪያ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጤነኛ» ብዬ እገላገላለሁ። ያን ሰሞን ግን አዲስ የባክቴሪያ መለያ ዕቃ ገዝተን ስለነበር እጄን በላኝ። የትኛውን የስኳር ዓይነት እንደሚበላ ፈትኜ ለየሁትና ሙሉ ስሙን አሳምሬ ጻፍኩት፦ ናይሴሪያ ሲካ።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ የእገዳ ደብዳቤ ይዘው እያለቀሱ መጡ። «ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክብኝ? ጨብጥ አለባት ተባልኩ እኮ! ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ!»

ደሜ ፈላ። ተያይዘን ፋብሪካው ሄድን። ለካ የሰው ኃይል ኃላፊው እንደኛ ስም የመጀመሪያውን የራስ፣ ሁለተኛውን የአባት አድርጎ አንብቦታል። ሰው ስንጠራ የአባቱን ማን ይጨምራል? ስልኩ ላይ «ናይሴሪያ»ን ብቻ ጽፎ ሲፈልግ ጨብጥን ዘረገፈለት።

«ጌታዬ፣ የባክቴሪያ ስም የተገላቢጦሽ ነው» አልኩት። «ናይሴሪያ የቤተሰቡ ስም ነው። ጨብጥ የሚያመጣው ሌላው ነው። ይሄ ሲካ ነው፤ ጨዋ ነው።»

«ዘመዳሞች ናቸዋ!»

«ቢሆኑስ?»

«ዘመዱ ሊጠይቀው ቢመጣስ?»

እግዚኦ! «በእርስዎም ጉሮሮ ውስጥ ሊኖር ይችላል» ስለው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። አሰበ አሰበና «ዋስ ያስፈልገዋል» አለ።

«ለማን?»

«ለባክቴሪያው።»

ሳቄ መጣ፤ ሴትዮዋን ሳይ ግን ተመለሰ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። መታወቂያዬን ኮፒ አስደርጌ፣ የተጠቀሰው ባክቴሪያ ለሚያደርሰው ጥፋት ሁሉ ተጠያቂ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ማኅተምም ተመታበት።

«የሱ ጉዳይ አልቋል» አለ ኃላፊው። «አሁን የእሳቸው ዋስ ይምጣ። ወሬው ፋብሪካውን አዳርሷል፤ ስለ ጸባያቸው የሚፈርም ሰው እንፈልጋለን።»

«እኔው እፈርማለሁ፣ ምን ችግር አለው!» ብዬ እስክሪብቶውን አነሳሁ።

«አይቻልም። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዋስ አይሆንም።»

ሴትዮዋ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው አዩኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ዋስነትህን ለእሱ ጨረስከው?»